ካሜራው የቆጠረው

የእህቴ ልጅ ካሜራ ሊገዛ ነው። አዲስ ሳይሆን ያገለገለ። እሱ «ዩዝድ» ይለዋል፤ እኛ ልብስ ከሆነ ሰልባጅ፣ ዕቃ ከሆነ አሮጌ እንለው የነበረው ነገር ጨዋ ስም ወጥቶለታል ማለት ነው። እናቱ እቁብ ደርሷታል። ገንዘቡን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ግማሹን ለልጁ ካሜራ መደበች። «ሰርግም ልደትም እያነሳ ራሱን ይቻል» አለችኝ ደውላ። «አንተ ድሮ ካሜራ ነበረህ አይደል? አብረኸው ሂድና እንዳይሸውዱት እይለት።»

እውነት ነው፣ ካሜራ ነበረኝ። ዜኒት። በ1979 ዓ.ም. ሶቭየት ህብረት ተምሮ ከመጣ ጓደኛዬ የገዛሁት፣ ጠብ ቢነሳ ዱላ የማያስፈልግበት ከባድ ብረት ነበር። ያኔ ያገለገለ ካሜራ መግዛት ማለት እንዲህ ነው፦ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን ታያላችሁ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጭረት ወይም ሻጋታ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ ማጠንጠኛውን ስባችሁ ቁልፉን ትጫኑና ድምፁን ታዳምጣላችሁ። ደረቅና ቆራጥ ከሆነ ደህና፣ ከተንቀራፈፈ ዋጋ ታስቀንሳላችሁ። በቃ። የቀረው ሻጩን ማመን ነው። ካሜራው ከዚያ በፊት ስንት ፎቶ እንዳነሳ ባለቤቱም አያውቅ፣ ካሜራውም አያውቅ። በአናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መቁጠሪያ ፊልም በተቀየረ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ነው የምትነሳው።

እናላችሁ ይህን የዕውቀት ስንቅ ይዤ ከልጁ ጋር ሄድኩ። ሻጩ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ሰርግ በማንሳት ቤተሰብ ያስተዳደረ ፎቶ አንሺ ነው። አዲስ ካሜራ ስለገዛ አሮጌውን ኒኮን ዲ 90 ከሁለት ሌንስ፣ ከቻርጀርና ከነቦርሳው ይሸጣል። ቡና አዘዘልን። ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን።

«ብዙም አልተሠራባትም ጋሼ። እንደ አዲስ ናት።»

እኔ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሬ ሳጮልቅ፣ የእህቴ ልጅ ምንም ሳይናገር የራሱን ሜሞሪ ካርድ ከተተ። የቡናውን ስኒ አንድ ፎቶ አነሳ። ካርዱን አውጥቶ ስልኩ ላይ ሰካና ጥቂት ነካክቶ ወደ እኔ አዞረው። 74,318 ይላል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ይቺ ካሜራ እስካሁን ያነሳችው ነዋ ጋሼ። የስኒው ፎቶ 74,318ኛዋ ነው።»

ሻጩ ሳቀ። ሲያጭበረብር የተያዘ ሰው ሳቅ አልነበረም። «ለካ ይህን ያህል ሠርቻለሁ» የሚል፣ ድካም ያለበት ሳቅ ነው። እኔ ግን ስሌቱን መሥራት ጀመርኩ። በኛ ጊዜ ቢሆን 74,318 ፎቶ ማለት 2,064 ባለ 36 ፊልም ነው፤ ያውም 14 ፎቶ ይተርፋል። የኔ ዜኒት ዕድሜ ልኳን ስልሳ ፊልም ብትጨርስ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ብቻውን የሠላሳ አራት ዜኒቶችን ዕድሜ ጨርሷል ማለት ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የቤታችንን በኛው።)

ባለሙያዎቹ ዲኤስኤልአር የሚሉት ካሜራ ሁለት ታሪኮች የተጋቡበት ዕቃ ነው። አንደኛው የመስታወት ታሪክ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ጋደም ብሎ በተቀመጠ መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና ዓይናችሁ ዘንድ ይደርሳል፤ ሌንሱ የሚያየውን እናንተም ታያላችሁ። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ከኋላው ያለው ቀጭን መጋረጃ ተከፍቶ ይዘጋል፣ መስታወቱ ተመልሶ ይተኛል። «ቿክ» የምትለዋ ድምፅ ይህች ናት። ድሬስደን ላይ ጀርመኖች በ1936 ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሆነውን ኤክዛክታን አወጡ። በ1949 ደግሞ እዚያው ጀርመን ኮንታክስ ኤስ የተባለው ካሜራ ምስሉን ሳይገለብጥ በዓይን ትክክል የሚያሳይ ፕሪዝም አናቱ ላይ ጨመረበት። ዛሬም የካሜራው አናት ላይ የምናየው ጉብታ የዚያ ቅርስ ነው። ጃፓኖች ነገሩን ተቀብለው አሻሻሉት፤ ኒኮን ኤፍ በ1959 ወጣ። ሌንስና ካሜራ የሚያያይዘው የዚያ ቀለበት ቅርጽ እስከ መጨረሻዎቹ ባለ መስታወት ኒኮኖች ድረስ ሳይቀየር ዘልቋል። ሩሲያዎቹም ክራስኖጎርስክ ላይ ዜኒትን በሚሊዮን እያመረቱ ለወዳጅ አገር ሁሉ አዳረሱ። የኔም ዕጣ ከዚያ መጣ።

ሁለተኛው የፊልም ሞት ታሪክ ነው። ገዳዩ ደግሞ እዚያው ቤት ያደገ ልጅ ነው። በ1975 መጨረሻ ላይ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የኮዳክ ኩባንያ ስቲቭ ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ከየቦታው በለቀማቸው ዕቃዎች ፊልም የሌለው ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ 100 በ100፣ ማለትም 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነው። አንዷን ምስል ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል። እንግዲህ ኮዳክ ፊልም ሸጦ የሚያድር ኩባንያ ነው። «ይኸው ያለ ፊልም ፎቶ አነሳሁ» ብሎ የመጣን ልጅ አለቆቹ በእልልታ ባይቀበሉት የሚገርም አይደለም።

ሁለቱ ታሪኮች የተጋቡት በ1991 ነው። ሰርጉንም የደገሰው ያው ኮዳክ ነው። የኒኮን ኤፍ 3ን አካል ወስዶ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ 1.3 ሜጋፒክስል ሴንሰር አኖረበት፣ ዲሲኤስ ብሎም ሰየመው። ዋጋው 20 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ። ምስሉን የሚያስቀምጠው ሃርድ ዲስክ ካሜራው ውስጥ ስለማይገባ ፎቶ አንሺው በትከሻው አንግቶት ይዞር ነበር። የተሸጠው አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ደንበኞቹም ፊልም የሚታጠብበት ጊዜ የማይተርፋቸው ጋዜጦችና የዜና ተቋማት ነበሩ። በ1999 ኒኮን ራሱ ከሥር ጀምሮ የሠራው ዲ 1 ወጣ፤ 2.7 ሜጋፒክስል፣ ዋጋው 5 ሺህ ዶላር አካባቢ። በ2003 ካኖን 300 ዲን ከ1,000 ዶላር በታች ሸጠ፤ 6.3 ሜጋፒክስል። በዓመቱ ኒኮን ዲ 70ን በተመሳሳይ ዋጋ አወጣ። ከ20 ሺህ ወደ አንድ ሺህ ለመውረድ የፈጀው አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በዚያው ልክ ወርዶ የማያውቀው የኛ ጤፍ ብቻ ነው!

ያገለገለ ካሜራ ገበያ የተወለደው ከዚህ የዋጋ ውድቀት ነው። እንዴት መሰላችሁ? የኔ ዜኒት ከፊልሟ የተለየች ነበረች። ኮዳክ ወይም ፉጂ የተሻለ ፊልም ባወጣ ቁጥር ዜኒቴም በነፃ ትሻሻላለች። የሃያ ዓመት ካሜራ ከአዲሱ እኩል ፎቶ ያነሳል፤ ስለዚህ ያገለገለ የፊልም ካሜራ ዋጋው ቶሎ አይወድቅም። ዲጂታሉ ግን ፊልሙ ከሆዱ ጋር ተሰፍቶ ነው የሚሸጠው። ሊቀየር አይችልም። በ1999 አምስት ሺህ ዶላር አውጥቶ ዲ 1 የገዛ ሰው፣ በአምስት ዓመቱ ያንን በእጥፍ የሚበልጥ ነጥብ ያለው ካሜራ በአንድ አምስተኛው ዋጋ መስኮት ላይ ተደርድሮ አየ። ካሜራው አልተበላሸም፤ አንድ ብሎን አልላላበትም። መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ አረጀ እንጂ። የፊልም ካሜራ የሚያረጀው በሥራ ብዛት ነበር፤ ዲጂታሉ ግን ሌላ አዲስ በተወለደ ቁጥር ያረጃል።

ይህ ለመጀመሪያው ገዢ ኪሳራ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ገዢ ግን በር ተከፈተ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ ካሜራዎች በዚህ በር ነው የገቡት። በሕጋዊ ሱቅ፣ ከነዋስትናው የተሸጠውን አላውቅም እንጂ እኔ የማውቃቸው ሁሉ በሻንጣ የመጡ ናቸው። ከዋሽንግተን ለገና የመጣ ዘመድ፣ ከዱባይ የተመለሰ ነጋዴ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲሄድ ዕቃውን የሸጠ ፈረንጅ። የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ልጆችም በዚሁ ዓይነት ካሜራ አንድ ሁለት እያሉ ከስቱዲዮ ወጥተው የየራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። ቀድሞ ፎቶ አንሺ ለመሆን ባለ ፎቶ ቤት ዘንድ መቀጠር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኬሚካል እየማጉ መማር ነበር። አሁን ያገለገለ ካሜራና የጥር ወር በቂ ሆነ።

የሰርጉም ሥርዓት አብሮ ተለወጠ። ድሮ ፎቶ አንሺው ለሰርጉ ሦስት አራት ፊልም ይዞ ይመጣል። እያንዳንዷ ፎቶ ገንዘብ ስለሆነች አይዘርፋትም። ሽማግሌዎቹን ያሰልፋል፣ ኮሌታ ያቃናል፣ ሕፃን ያባብላል፣ «ዝግጁ!» ይላል፤ ድንኳኑ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። አንዴ ብቻ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ለዘላለም እንደጨፈነ ይቀራል። ዲ 90 ደግሞ በሴኮንድ እስከ አራት ተኩል ፎቶ ታነሳለች። ማን ትንፋሹን ይይዛል?

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ኒኮን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ በስውር ይጽፋል። ካኖኖቹ አብዛኞቹ ፎቶው ላይ አይጽፉትም፤ ካሜራውን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በልዩ ፕሮግራም መጠየቅ ያስፈልጋል። አምራቹ የዲ 90ን ሸተር እስከ 100 ሺህ ፈትኜዋለሁ ይላል። እንግዲህ ከመቶ ሰባ አራቱ ተበልቷል። ይህ ግን የሞት ቀጠሮ አይደለም፤ ሃምሳ ሺህ ላይ የሚሰበር አለ፣ ሁለት መቶ ሺህ አልፎ የሚሠራም አለ። ከመኪና ኪሎ ሜትር ጋር አንድ ነው። (የኛ አገር የመኪና ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መሄድ እንደሚችል አንባቢ አይዘነጋም።)

ደግሞም ቁጥሩ ሁሉን አይናገርም። በ2008 የወጣችው ዲ 90 ቪዲዮ ለመቅረጽ ከቻሉት ባለ መስታወት ካሜራዎች የመጀመሪያዋ ነች። በዚያው ዓመት ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ሙሉ ኤች ዲ ቪዲዮ ይዞ መጣና የዓለምን ፊልም ሠሪዎች አነቃነቀ። የኛም የዘፈን ክሊፕና የሰርግ ቪዲዮ መልኩ የተለወጠው እንዲህ ዓይነቶቹ ካሜራዎች ሲገቡ ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ግን መስታወቱና መጋረጃው አንዴ ይከፈታሉ፣ ከዚያ ሴንሰሩ ለደቂቃዎች ሲግል ይቆያል፤ ቆጣሪው ያንን ሁሉ እንደ አንድ ነው የሚያየው። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ያለው ካሜራ ሁሉ ትንሽ የሠራ አይደለም። ልጁ ይህንንም ያውቅ ኖሯል። የሌንሱን ቀዳዳ 22 ላይ አጥብቦ ነጭ ግድግዳ አነሳና አጉልቶ ጥቁር ጠቃጠቆ ፈለገ፤ ሁለት አገኘ፤ «አቧራ ነው፣ ይጸዳል» አለ። የሌንሱን ክዳን ገጥሞ በጨለማ ውስጥ ረጅም ፎቶ አነሳና የሚያበራ ነጥብ ፈለገ፤ የለም። እንዳይሸውዱት ልጠብቀው የሄድኩት ሰውዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ድንገት አንድ ጥያቄ መጣብኝ።

«ለመሆኑ ወንድሜ፣ እነዚህ ሰባ አራት ሺህ ፎቶዎች አሁን የት ናቸው?»

ሰውየው ጥያቄው አልገባውም። ደገምኩለት። ጥቂት አሰበ።

«ለደንበኞቹ በሲዲ አቃጥዬ ሰጥቻለሁ። የኔ ግልባጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። አንዱ ወደቀብኝ፤ አንዱ ዝም ብሎ አልነሳ አለ። ካርዱንማ ለቀጣዩ ሰርግ ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ምን ላድርግ ጋሼ?»

ምንም። ሁሉም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የእህቴን ቤት ላንሳ። ትልቁ ልጅ፣ ይኸው ካሜራ ገዢያችን፣ በ1997 ዓ.ም. በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ በፊልም ነው የተነሳው። ሠላሳ ስድስት ፎቶ። አልበሙ ሳሎን አለ፤ ነጋቲቩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ሥር ተቀምጧል። ታናሽ እህቱ በ2001 ዓ.ም. በሰማንያ ቀኗ ስትነሳ ዘመኑ ተለውጦ ፎቶ አንሺው ዲጂታል ይዞ መጣ። ከአራት መቶ በላይ ፎቶ በአንድ ሲዲ። እንዴት ደስ አለን! «ቆይተን መርጠን እናሳትማለን» ተባለ። አባታቸው በ2003 ዓ.ም. አረፈ። በለቅሶው ሰሞን ማን ስለ ሲዲ ያስባል። ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ ሲዲው ተገኘ፤ ግን አያነብም። ቤት ውስጥ የሚቃጠለው ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ያ ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል። ልጅቷ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ወንድሟ በአባቱ እጅ ላይ ሆኖ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ተነስቷል፤ እሷ በአባቷ እጅ ላይ ሆና ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ተነስታ አንድም የላትም።

አሮጌ ፎቶ ሲነሳ የኛ አገር ታሪክ ጸሐፊ ልቡ ወደ መቅደላ ይሄዳል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ሲዘምት ከጦር መሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ፤ ያነሷቸው ፎቶዎች ዛሬም ይታያሉ። የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው፤ ያ የተከፋ ፊት ይኸው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ያየናል። በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው በ1996 ያሳተሙት፣ መስታወቱና ወረቀቱ ስለቆየላቸው ነው። በ2018 ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ተዘጋጅቶ ወጣ። ቤልቦተም የለበሱ አጎቶቻችንን፣ አፍሮ ያበጠሩ አክስቶቻችንን ያየንበት ነው። ያ ሁሉ የተገኘው ሰዎች መሳቢያቸውን ስለከፈቱ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው የ2000ዎቹን ዓመታት አዲስ አበባ በዚያ መንገድ ልሰብስብ ቢል የማንን መሳቢያ ይከፍታል? ከመቼውም ይልቅ ብዙ ፎቶ የተነሳንበት ዘመን ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ግን የማያነብ ሲዲና የማይነሳ ሃርድ ዲስክ ነው።

ፊልሙን ቅዱስ ላደርገው እንዳይመስላችሁ። ፎቶ ቤቶች ሲዘጉ ስንት ካርቶን ነጋቲቭ ቆሻሻ ላይ እንደተጣለ የሰፈር ሰው ያውቃል። የቀለም ፎቶም ይደበዝዛል፤ የኔ የሠርግ አልበም ሰው ሁሉ የወባ በሽተኛ መስሏል። ደግሞስ በቦያጂያን መስታወት ላይ የማን አያት አለ? ንጉሡ፣ ራሱ፣ ደጃዝማቹ። የኔ አያት አንድም ፎቶ ሳይኖራት ነው ያለፈችው። ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ነው እንጂ የኮልፌን ልጅ የኮልፌን ሰው እንዲያነሳ ያደረገው ሌላ አይደለም። ሻጫችን በዚያች ካሜራ ያነሳቸው ሙሽሮች አብዛኞቹ በ20 ሺህ ዶላሩ ዘመን ቢሆን ፎቶ አንሺ የማይጠሩ ሰዎች ናቸው። በሩም የተከፈተው፣ ፎቶውም የጠፋው በዚያው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ፎቶ ማንሳት ምንም አለማስወጣቱ።

የካሜራው ዘመንም ራሱ እያለፈ ነው። ፊልም የሌለው ካሜራ የሠራውን ልጅ ያልወደደው ኮዳክ በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ይጠበቅ ዘንድ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። በዚያው ዓመት የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር ከ16 ሚሊዮን በላይ ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራ መላኩን መዘገበ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው። በ2020 ወደ 2.4 ሚሊዮን ወረደ፤ መስታወት አልባዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡት። በ2021 መጨረሻ ላይ የካኖን ኃላፊ የኩባንያው ዋን ዲ ኤክስ ማርክ ስሪ የዓይነቱ የመጨረሻው ትልቅ ካሜራ እንደሚሆን ተናገሩ። ሻጫችንም የሚሸጠው ለዚህ ነው። የእህቴ ልጅም የሚገዛው ለዚህ ነው። አንዱ የሚወጣበት ሌላው የሚገባበት ደጃፍ ላይ ነው ቡና የምንጠጣው።

ዋጋው 32 ሺህ ብር ተባለ። እኔ 74 ሺሁን እንደ ነቀፋ ቆጥሬ 25 አልኩ፤ ይህን ያህል እንኳ ካልጠቀምኩ ምን ልሠራ መጣሁ! 28 ላይ ተስማማን። ሻጩ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ካሜራዋን አንዴ ብድግ አድርጎ በመስታወቷ አየባት፣ ሳያነሳ መለሳት። የቦርሳውን ኪሶች ሲፈትሽ ከአንዱ ጥግ ባለ 2 ጊጋ ካርድ ወጣ። «ውሰደው፣ ባዶ ነው» አለው ለልጁ።

ማታ እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ልጁ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው ማውጫው ብቻ ነው፣ ሌላ ካልተጻፈበት ፎቶው ከሥሩ አለ ብሎ አንድ ፕሮግራም አስነሳ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያንጎራጉር ቆየና 211 ፎቶ አወጣ። የማናውቀው ሰው ሰርግ ነው። ድንኳን፣ ሽማግሌዎች፣ ጠላ የምትቀዳ ሴት፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት የምትስም ሙሽራ። እህቴ ወንበሯን ስባ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ጣሪያው እያንጠባጠበ፣ ልጅቷም ከጎኗ ሆና፣ ሁለት መቶ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷንም አልዘለለችም።

ጠዋት ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ ካሜራዋ ተበላሸች ብዬ ልመልስ የደወልኩ መስሎት ደንገጥ አለ። ነገሩን ስነግረው ዝም አለ።

«አባትየው ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ጋቢ የለበሱ ናቸው?»

«አዎ፣ ቀጭን ሰውዬ።»

«የ2004 ጥር ነው» አለ። «እሳቸው አርፈዋል። ሙሽራይቱ ባለፈው ዓመት መጥታ ጠይቃኝ የለኝም ብያት ሄዳለች። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ በፍላሽ አድርጉልኝ፣ ቅዳሜ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።»